ልጆች በዕረፍት ወራት ለደስታ ሲያነቡ ምን ያተርፋሉ? ሳናስገድድስ እንዴት እናስጀምራቸው?

ሰማያዊ ዕልባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትምህርት ሊዘጋ ነው፤ ሁለት ወር ያህል ዕረፍት አለ። ቤት ውስጥ የ9 ዓመት ወንድና የ13 ዓመት ሴት ልጅ አሉ። ትንሹ ማንበብ ይችላል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው፤ ጣቱን ከመስመሩ ላይ አያነሳም። ትልቋ በደንብ ታነባለች፤ ሆኖም ካልታዘዘች ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ አትነካም። ማጠናከሪያ ትምህርት ላስመዝግባቸው ወይስ ደስ ያላቸውን እንዲያነቡ ልተዋቸው? ለደስታ ማንበብ በእርግጥ ለትምህርት ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነው? የሚጠቅም ከሆነስ በቀን ስንት ደቂቃ፣ ስንት መጽሐፍ፣ ምን ዓይነት? ዘርዘር አድርጋችሁ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መደርደሪያ፦

ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። ጥቅሙ ከየት እንደሚመጣ ከታወቀ የደቂቃውም የመጽሐፉም ቁጥር አብሮ ስለሚወጣ ከዚያ ልጀምር።

የሚያነብ ልጅ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ፊደሉን ወደ ቃል ይለውጣል፣ ከቃሉ ደግሞ ትርጉም ያወጣል። የመጀመሪያው ሥራ ሐሳቡን በሙሉ ከወሰደበት ለሁለተኛው የሚተርፍ የለም። አንድ አንቀጽ ጨርሶ «ምን ይላል?» ሲባል ዝም የሚለው ለዚህ ነው። ፊደል መለየቱን ያለ ሐሳብ በራሱ እንዲሄድ የሚያደርገው ብዛት ነው፤ ያንኑ ቃል ደጋግሞ፣ በተለያየ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማግኘት። የመማሪያ መጽሐፍ ይህን ብዛት አይሰጥም። አጭር ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ በየጥቂቱ ገጽ አዲስ ርእስ ይከፍታል። ታሪክ ግን የሰዎቹን ስም፣ ቦታውን፣ የደራሲውን የአነጋገር ልማድ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ ይዞ ይሄዳል። ልጁ ሃያኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ከመጀመሪያው ገጽ ፈጠን ብሎ የሚያነበው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ትርፍ ቃላት ነው። የቤት ውስጥ ጭውውት ውስን ቃላት ነው የሚያመላልሰው። ሄይስና አሬንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት የእንግሊዝኛ ቆጠራ፣ በልጆች መጻሕፍት ውስጥ ከ1,000 ቃላት 31 ያህሉ እምብዛም የማይዘወተሩ ነበሩ፤ በተማሩ አዋቂዎች ጭውውት ውስጥ ግን 17 ያህል ብቻ። ስለዚህ ወላጅ ምንም ያህል ተናጋሪ ቢሆን መጽሐፉን አይተካውም። ስዋንቦርንና ደ ግሎፐር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ብዙ ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምረው፣ ተማሪዎች እንዲሁ ሲያነቡ ካጋጠሟቸው የማያውቋቸው ቃላት 15 በመቶ ያህሉን እንደሚይዙ አሳይተዋል። ትንሽ ይመስላል። ግን እናስላው።

በደቂቃ 80 ቃል የሚያነብ ልጅ በቀን 20 ደቂቃ ቢያነብ 1,600 ቃል ነው። በ60 ቀን 96,000 ይሆናል። ከ100 ቃል ሁለቱ አዲስ ቢሆኑበት 1,920 ጊዜ ከማያውቀው ቃል ጋር ተገናኘ ማለት ነው። ብዙዎቹ ተደጋጋሚ ስለሆኑ የቃላቱ ብዛት ከዚህ ያንሳል፤ መደጋገሙ ግን ለመያዝ ይረዳል። (አማርኛ መስተዋድዱንም ባለቤቱንም በአንድ ቃል ላይ ስለሚያያይዝ ቃላችን ረዘም ይላል። በእንግሊዝኛ ሠንጠረዥ ላይ ያለውን የደቂቃ ፍጥነት እንዳለ ወስደው ልጁን አይመዝኑበት።)

20 ደቂቃ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንደርሰን፣ ዊልሰንና ፊልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1988 የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ውጭ መጽሐፍ የሚያነቡበትን ጊዜ ሲመዘግቡ፣ መሐል ላይ የሚገኘው ልጅ በቀን 5 ደቂቃ ያህል፣ ከአሥር ልጆች ዘጠኙን የሚቀድመው ደግሞ 21 ደቂቃ ያህል ያነብ ነበር። በዓመት ሲሰላ የመጀመሪያው 282,000 ቃል፣ ሁለተኛው ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ቃል አንብቧል። ስለዚህ በጣም ብዙ ከሚያነቡት ለመመደብ ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ላይ መዋል አያስፈልግም፤ 20 ደቂቃ ሳይቋረጥ በየቀኑ ይበቃል። አንድ ቀን ካመለጠ ግን በማግሥቱ 40 ደቂቃ አይጠይቁ። ያኔ ደስታ መሆኑ ቀርቶ ዕዳ ይሆናል።

አሁን መጽሐፍ። 8,000 ቃል ያህል ያለው የልጆች መጽሐፍ ከሆነ፣ 96,000 ቃል ማለት 12 መጽሐፍ ነው። አሊንግተንና ማክጊል-ፍራንዘን እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናትም ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች ለመጡ ልጆች ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ በረጅሙ ዕረፍት ዋዜማ፣ ልጆቹ ራሳቸው የመረጧቸውን 12 መጻሕፍት ሰጡ። በመጨረሻ የንባብ ውጤታቸው ካልተሰጣቸው በልጦ ተገኘ። ልዩነቱ ግዙፍ ባይሆንም ተመራማሪዎቹ በዕረፍት ወራት ከሚሰጥ ትምህርት ከሚገኘው ጋር አቀራርበው አይተውታል። ለጥያቄዎ ቀጥተኛው መልስ ይህ ይመስለኛል።

12 እንዲነበብ ከተፈለገ ግን ቤት ውስጥ 18 ወይም 20 መገኘት አለበት። ከሦስት አንዱ ተጀምሮ መጣሉ አይቀርም፤ መጣልም አለበት። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ወላጅ አምስት «ጠቃሚ» መጽሐፍ ይመርጣል፣ ልጁ ሁለተኛው ላይ ይሰለቻል፣ «የጀመርከውን ጨርስ» ይባላል፣ ከዚያ በኋላ የሚከፈት መጽሐፍ የለም። ሁሉንም መግዛት የግድ አይደለም፤ ከቤተ መጻሕፍት በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ማመላለስ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር መለዋወጥ እኩል ይሠራል።

የንባብ መምህርት፦

ከላይ የተባለው በአብዛኛው ትክክል ነው፤ ግን «20 ደቂቃ ያንብብ» የሚለው ለትንሹ ልጅ እንዳለ አይሠራም። ቀስ ብሎ የሚያነብ ልጅ ከከበደው መጽሐፍ ጋር 20 ደቂቃ ብቻውን ቢቀመጥ የሚለማመደው ንባብን ሳይሆን መገመትን ነው። መጀመሪያ ልኩን ይወቁ።

ከመጽሐፉ መሐል 100 ቃል ያህል ቆጥረው በእርሳስ ነጥብ ያድርጉ። ልጁ ድምፅ አውጥቶ ያንብብልዎት፤ እርስዎ አያርሙ፣ የተሳሳተውንና የዘለለውን በጣትዎ ብቻ ይቁጠሩ። ስሕተቱ እስከ 5 ከሆነ መጽሐፉን ብቻውን ሊያነበው ይችላል። ከ6 እስከ 10 ከሆነ አብሮት ሰው ይቀመጥ። ከ10 ካለፈ ለጊዜው ይቀመጥለት፣ ወይም እርስዎ ያንብቡለት። «በአንድ ገጽ አምስት ጣት» የሚባለው መለኪያም (ለከበደው ቃል ሁሉ አንድ ጣት፤ ገጹ ሳያልቅ አምስት ከሞላ መጽሐፉ ከባድ ነው) ይሠራል፤ ግን የልጆች መጽሐፍ ገጽ አንዱ 30 ቃል፣ ሌላው 200 ቃል ስለሚይዝ በገጽ መለካት ያሳስታል። በመቶ ቃል ይለኩ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ልጁ ስለ እንስሳት ወይም ስለ ጠፈር ነፍሱ እስኪጠፋ የሚወድ ከሆነ ከልኩ በላይ የሆነውን መጽሐፍም ይወጣዋል። ፍላጎት ካለው መለኪያው ይለፍ።

ለአብሮ ማንበቡ ከማውቃቸው ዘዴዎች ሁሉ ለወላጅ የሚመቸው ኪት ቶፒንግ ያስፋፋው የጥንድ ንባብ ነው። መጽሐፉን ልጁ ይመርጣል። ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ሁለታችሁም ድምፅ አውጥታችሁ፣ በእሱ ፍጥነት አብራችሁ ታነባላችሁ። ብቻውን መቀጠል ሲፈልግ ምልክት ይሰጣል፤ ጠረጴዛውን መታ ማድረግ ይበቃል። ያኔ እርስዎ ዝም ይላሉ። ሲሳሳት ወይም ሲቆም 4 ወይም 5 ሰከንድ ይጠብቁ። ራሱ ካላስተካከለ ቃሉን ይንገሩት፣ ይድገመው፣ ከዚያ እንደገና ምልክት እስኪሰጥ ድረስ አብራችሁ ቀጥሉ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ8 ሳምንት። ዕረፍቱ ልክ ይበቃል።

የሚያበላሹት ነገሮች ይታወቃሉ። ሰከንዶቹን ሳይጠብቁ ቶሎ መንገር አንዱ ነው፤ ልጁ ራሱን የማረም ዕድል ያጣል። ታሪኩ መሐል ላይ «ይህ ፊደል ምን ነበር?» እያሉ ወደ ፊደል ገበታ መመለስ ሌላው ነው፤ ታሪኩ ይበጠሳል። ረጅም ትንፋሽ ማውጣትም ከቃል ይከፋል፤ ልጆች ወዲያው ይረዱታል።

ጣቱን ማስከተሉ አያሳስብዎት። መስመር እንዳይጠፋበት ያግዘዋል፤ ሲፈጥን ራሱ ያነሳዋል። ቢቸኩሉ በጣቱ ፋንታ ከሚነበበው መስመር በላይ ወረቀት ያስይዙት፤ ከታች ከሆነ ዓይኑ ወደ ቀጣዩ መስመር መሻገር ይከለከላል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። መጽሐፉን ወደ ፊቱ በጣም ካስጠጋ፣ አንድ ዓይኑን ከጨፈነ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን ካመመው፣ ከማንኛውም የንባብ ዕቅድ በፊት ዓይኑ ይታይ። የቃሉን መነሻ ፊደል ብቻ አይቶ ቀሪውን ከገመተ፣ ወይም ካዕብና ሳልስን፣ ለምሳሌ ሉ እና ሊን፣ ሙ እና ሚን ካምታታ ደግሞ (ቅጥያው አንዱ ላይ ከወገቡ፣ ሌላው ላይ ከእግሩ ስለሆነ ማምታታቱ የተለመደ ነው) ለዚያ በሌላ ሰዓት የ5 ደቂቃ የካርድ ጨዋታ ያዘጋጁ። ከታሪክ ንባቡ ጋር ግን አይቀላቅሉት።

ሦስተኛ ረድፍ፦

አንድ ነገር መታረም አለበት ብዬ አምናለሁ። መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ማብዛት ብቻውን ውጤት የሚያመጣ እንዳይመስል። ጄምስ ኪምና ቶማስ ዋይት እ.ኤ.አ. በ2008 ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን በአራት ቡድን ከፍለው ሞክረዋል፤ ምንም ያልተሰጣቸው፣ መጽሐፍ ብቻ የተሰጣቸው፣ መጽሐፍና ጮክ ብሎ የማንበብ እገዛ ያገኙ፣ በዚያ ላይ ደግሞ አንብቦ የመረዳት ስልት የተማሩ። ካልተሰጣቸው ልጆች ጎልቶ የተለየው የመጨረሻው ቡድን ነው። መጽሐፍ ብቻ የተሰጣቸው እምብዛም አልተለዩም። መጻሕፍቱ ከልጁ ችሎታና ፍላጎት ጋር ተመዛዝነው የተመረጡ እንደነበሩ ሳይዘነጋ ነው።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ዕረፍቱን ወደ ክፍል መለወጥ አይደለም። መጽሐፉ ዙሪያ ሰው ይኑር ነው። በተለይ ለትንሹ፣ ምዕራፍ ሲጀምር «አሁን ምን ይሆናል ብለህ ታስባለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ ሲጨርስ «እንደገመትከው ሆነ?» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «ከዚህ ታሪክ ምን ተማርክ?» የሚለውን ግን ይተዉት፤ የፈተና ጥያቄ ነው፤ ልጁም የፈተና መልስ ነው የሚሰጥዎት።

ሰማያዊ ዕልባት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጥንድ ንባቡን እንጀምራለን። ስለ ትልቋስ? በጨረሰችው መጽሐፍ ልክ ሽልማት ብሰጣት፣ ወይም «ግማሽ ሰዓት ካነበብሽ ስልክ ትወስጃለሽ» ብላት ምን ይመስላችኋል? በስልክ ማንበብስ እንደ ንባብ ይቆጠራል?

ገጽ ገላጭ፦

«ካነበብሽ ስልክ» የሚለውን ውል እንዳይጀምሩ እለምንዎታለሁ። ውሉ ራሱ አንድ ነገር ያስተምራል፤ ስልኩ ደስታው ነው፣ መጽሐፉ ክፍያው ነው። ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 በሕፃናት ላይ ባደረጉት የታወቀ ሙከራ፣ ሥዕል መሣል ይወዱ የነበሩ ልጆች «ብትሥሉ የምስክር ወረቀት ታገኛላችሁ» ተብለው ከተሸለሙ በኋላ በነጻ ጊዜያቸው መሣሉን ቀነሱ። ሳይነገራቸው በድንገት የተሸለሙት ግን አልቀነሱም። የ13 ዓመት ልጅ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ። በመጽሐፍ ቁጥር ከሸለሟት ቀጭን ቀጭኑን ትመርጣለች፤ በገጽ ቁጥር ከሸለሟት እየዘለለች ትገልጣለች። መሸለም ካማረዎት ሽልማቱ የተከታታዩ ቀጣይ ክፍል ይሁን፤ እሱም ሳይነገር።

ለዚህ ዕድሜ ዋናው መሣሪያ ተከታታይ መጽሐፍ ነው። አንደኛው ክፍል ከተወደደ «ቀጥሎ ምን ላንብብ?» የሚለው ጥያቄ ለወራት ይወገዳል፤ ብዙ ልጆች ንባብ የሚያቋርጡት በሁለት መጻሕፍት መሐል ባለው ክፍተት ነው እንጂ በመጽሐፉ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ያነበበችው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ፣ ሩብ ያህል ሲቀረው፣ ቀጣዩ እጇ ላይ ይኑር። ምርጫውን ከእርስዎ ይልቅ ጓደኞቿ ይምሩት፤ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ያንኑ መጽሐፍ በአንድ ሳምንት ካነበቡ ወሬው ራሱ ይገፋቸዋል። ልብ ወለድ የማትወድ ከሆነች የስፖርተኛ የሕይወት ታሪክ፣ የወንጀል ምርመራ፣ የሳይንስ መጽሔት፣ ስለ ፀጉር አሠራርም ቢሆን፣ ሁሉም ንባብ ነው። 30 ገጽ አንብባ ካልጣማት ምክንያት ሳትጠየቅ ትተወው። ይዘቱ ካሳሰበዎት እርስዎ አስቀድመው የመጀመሪያውንና መሐል ላይ ያለ አንድ ምዕራፍ ያንብቡ፤ ከጀመረች በኋላ መንጠቅ ግን መጽሐፉን ተደብቃ እንድታነበው ብቻ ነው የሚያደርጋት።

ትልቅ ልጅ ላይ ይህን ያህል መልፋት ዋጋ አለው ወይ ለሚል፤ አሊስ ሰሊቫንና ማት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1970 በብሪታንያ የተወለዱ ልጆችን መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት፣ ለደስታ ያነቡ የነበሩ ልጆች ከ10 እስከ 16 ዓመታቸው ባለው ጊዜ በቃላት ዕውቀትና በፊደል አጻጻፍ፣ በሒሳብም ጭምር የተሻለ እድገት አሳይተዋል። የወላጆቹ የትምህርት ደረጃና የልጆቹ የቀድሞ ውጤት ከግምት ገብቶ ነው። ሒሳቡ ብዙ ሰው ያስገርማል፤ ነገር ግን የሒሳብ ጥያቄም ተነብቦ ነው የሚገባው፤ አዲስ ሐሳብን ከጽሑፍ የመረዳት ልምድ ወደ ሌላው ትምህርት ይሻገራል።

ስለ ስልክ። ዴልጋዶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት የ54 ጥናቶች ግምገማ፣ በወረቀት ያነበቡ ሰዎች በስክሪን ካነበቡት የተሻለ ተረድተዋል፤ ልዩነቱ ግን የታየው መረጃ ሰጪ ጽሑፍ ላይ ነው። ታሪክ ብቻ በተነበበባቸው ጥናቶች አልታየም። ስለዚህ ልብ ወለድን በስልክ ብታነብ ንባብ ነው፤ ይቆጠራል። ችግሩ ማቋረጡ ነው። መጽሐፉ ቀድሞ ይውረድ፣ ስልኩ ከኔትወርክ ውጭ ይደረግ፣ ፊደሉ ተለቅ ይበል፣ መደቡም በጣም ነጭ አይሁን። ማታ አልጋ ላይ ግን ወረቀት ይሻላል፤ ስልክ ይዛ ከገባች ከመጽሐፉ ወደ ሌላው ለመሻገር አንድ ጣት ነው የሚበቃት።

ሰማያዊ ዕልባት፦

የመጨረሻ ጥያቄ። ትንሹ የሚወደው አንድ ሥዕላዊ ታሪክ አለ፤ ደጋግሞ እሱኑ ነው የሚያነሳው። ልከልክለው? ሙሉ መጽሐፍ እስኪለምድ የድምፅ መጽሐፍ ባሰማውስ?

የንባብ መምህርት፦

አይከልክሉት። ሥዕላዊ ታሪክ ለዘገምተኛ አንባቢ በጣም ጥሩ ነው፤ ንግግሩ አጭር አጭር ነው፣ ሥዕሉ ትርጉሙን ስለሚደግፍ ልጁ ታሪኩን ሳይጥል ቃሉ ላይ መቆየት ይችላል። መድገሙም ሥራ ነው። በመጀመሪያው ንባብ ጉልበቱ ፊደሉ ላይ ያልቃል፣ በሦስተኛው ላይ ድምፁ የሰው ንግግር መምሰል ይጀምራል፤ አቀላጥፎ ማንበብ የሚባለው ይህ ነው። ማድረግ የሚችሉት አንድ ነገር አለ፤ በዚያው ጉዳይ ላይ፣ ሥዕሉ ትንሽ ቀነስ ያለ ሌላ መጽሐፍ አጠገቡ ያስቀምጡ። ምንም ሳይሉ። ካላነሳው ከሳምንት በኋላ በሌላ ይለውጡት።

የድምፅ መጽሐፍ ለቃላትና ለታሪክ ስሜት ይጠቅማል፤ ፊደል መለየትን ግን አያለማምድም። የታተመውን እጁ ላይ ይዞ እየተከተለ የሚሰማ ከሆነ ጥቅሙ ይጨምራል፤ ፍጥነቱን በትንሹ ቀንሰው ያሰሙት። እርስዎ ጮክ ብለው የሚያነቡለት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ 9 ዓመት ሆኖት ራሱ ማንበብ ስለቻለ ብቻ እንዳያቆሙት። እሱ ገና የማይወጣውን ከባድ መጽሐፍ እርስዎ፣ ቀላሉን እሱ። ምዕራፉን ከመጨረስዎ በፊት፣ ነገሩ ሲጦፍ ያቁሙ፤ መጽሐፉንም ተከፍቶ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ይተዉት።

መደርደሪያ፦

ሰዓቱን በተመለከተ አንድ ልጨምር። «ጊዜ ሲገኝ» የተባለ ንባብ ጊዜ አያገኝም። ከአንድ ቋሚ ነገር ጋር ያያይዙት፤ ከምሳ በኋላ ወይም ከመኝታ በፊት። በዚያ ሰዓት ቤት ያሉት ሁሉ፣ እርስዎም ጭምር፣ የየራሳቸውን ይያዙ፤ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ የማንም ስልክ አጠገቡ አይሁን። የመጀመሪያው ሳምንት 10 ደቂቃ ይበቃል፤ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨመር፤ በአምስተኛው ሳምንት 20 ይደርሳል። የሚሞላ ቅጽ፣ የማጠቃለያ ደብተር፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሠንጠረዥ አያስፈልግም።

ትምህርት ሲከፈት ደግሞ መሐል ላይ የደረሰ መጽሐፍ ካለ «አሁን ወደ ጥናት» ብለው አይሰብስቡት። ሰዓቱን ወደ 10 ደቂቃ መልሰው ከመኝታ በፊት ብቻ ያድርጉት፤ የቤት ሥራ ቢበዛም እሱን ለማካካስ ይህን አይቁረጡ።